ቅኔ ሳይቆጥሩ ባለቅኔ

እስቲ ዛሬ ስለ አንዲት የፈተና ወረቀት እናውጋ።

የእህቴ ልጅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባለፈው ሰሞን ቡና ልጠጣ ቤታቸው ጎራ ብዬ ሳለሁ እናቷ፣ «ያንን ወረቀት ለጋሼ አሳዪው እንጂ!» አለቻት። ልጅቱ እየተሽኮረመመች ከደብተሯ መሐል አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ፈተና ነው፤ እነሱ አሳጥረው «አይቲ» ይሉታል። በቀይ እስክሪብቶ 48 ከ50 ተጽፎበታል። እኔም እንደ አጎት ደንብ «ጎሽ! የኔ አንበሳ!» ብዬ ማገላበጥ ጀመርኩ። መምህር የነበረ ሰው ክፉ ልማድ አለበት፤ የፈተና ወረቀት እጁ ከገባ ሳያርም አይመልስም።

የኮምፒውተር ፕሮግራም ማለት ምን ማለት ነው? የአንድ ጥሩ አልጎሪዝም ባሕርያት ምን ምን ናቸው? የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች በስንት ደረጃ ይከፈላሉ? ጥያቄዎቹ ሁሉ እንዲህ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። መልሶቹም እንደ ዳዊት የተደገሙ ናቸው፤ አንዲት ኮማ አልጎደለችም። 2 ነጥብ የተቀነሰባት «ባግ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አብራሪ በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። «በፕሮግራም ውስጥ የሚገኝ ስሕተት» ብላ ጽፋለች፤ ትርጉሙ ግን በደብተሩ ላይ ከዚህ ይረዝም ነበር አሉ።

«ታዲያ አንቺ አንድ ፕሮግራም ጽፈሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ! እሱ እኮ ፈተና ላይ አይመጣም።»

«ኮምፒውተር ክፍል የላችሁም?»

«አለን። ስንገባ ግን ኪቦርዱን የሚነካው ፊት የተቀመጠ ነው፤ እኛ ከኋላ ቆመን እናያለን።» ቀጥላም፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ዩኒቨርሲቲ ስገባ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ባልነካ ነው ደስ የሚለኝ፤ ሽምደዳው ሰለቸኝ» አለች።

እዚህ ላይ ነው ቡናው አልወርድ ያለኝ። ልብ በሉልኝ፤ ይህቺ ልጅ ኮምፒውተርን የጠላችው ሞክራው አቅቷት አይደለም። ጨርሶ ሳትነካው፣ 48 እያገኘችበት ነው የጠላችው። አንድ የመግቢያ ኮርስ ከዚህ የከፋ ምን ሊያደርግ ይችላል? የመግቢያ ኮርስ ሥራው በር መክፈት ነበር። ይኸኛው የበሩን ቁመትና ወርድ አስጠንቶ፣ እንጨቱ ጽድ ይሁን ዋንዛ አስዘርዝሮ፣ ሳያስገባ ሸኛት።

አሁን ድንጋይ ለመወርወር ከመነሣቴ በፊት የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። እኔም ከዩኒቨርሲቲ እስክወጣ ድረስ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩት እንዲሁ ነው። «ሴራ ማለት ምን ማለት ነው? የመቼት ዓይነቶችን ዘርዝሩ። ገጸ ባሕርይና አቅርቦቱን አብራሩ።» ተማሪዎቼ ይዘረዝሩ ነበር፤ እኔም ራይት እያደረግሁ ነጥብ እሰጥ ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንድ ምዕራፍ እንኳ ሳያነብ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሴራ ጽፎ ከኔ እጅ «ኤ» የወሰደ ጎረምሳ ነበር፤ ከተመረቀ በኋላ እሱው ራሱ እየሳቀ ነገረኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። እቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አልተከተለኝም። ስለዚህ ዛሬ የአይቲ መምህሩን ስተች ከሩቅ ሆኜ አይደለም፤ በሽታውን ታምሜው ስለማውቀው ነው።

በሽታው ምንድነው? የአንድን ነገር ስም ማወቅን ነገሩን እንደማወቅ መቁጠር ነው።

ሰዎች ይህንን ሲሰሙ «የቆሎ ትምህርት ቤት ውርስ ነው፤ አባቶቻችን ሽምደዳ አወረሱን» ይላሉ። ውሸት ነው! ግማሹን ብቻ አይተው ነው። የአብነት ትምህርት ቤቱ በንባብ ቤትና በዜማ ቤት በቃል ያስይዛል፤ አዎ። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ጨዋታው ይለወጣል። ጎንጅ ይሁን ዋሸራ ወይም ዋድላ፣ የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ በቃሉ ስለያዘ ባለቅኔ አይባልም። ከዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል። ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ይሰማሉ፤ ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልገጠመ ያርማሉ። ተማሪው ተመልሶ ይቆጥራል። በነጋታውም እንደዚያው። የሚጀምረው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ነው፤ ከሁለት ወደ ሦስት እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ትናንት የቆጠረው ቅኔ ዛሬ አያድነውም፤ ጎረቤቱ የቆጠረውም አያድነውም።

ፕሮግራም መጻፍ ማለት ቁርጥ ይኸው ነው። በሁለት መስመር ትጀምራለህ። ታስነግረዋለህ። ማሽኑ «አልገባኝም» ይልሃል። ታርማለህ። እንደገና ታስነግረዋለህ። ሌላ ምሥጢር የለውም። ልዩነቱ ማሽኑ አለንጋ የለውም፤ ሺህ ጊዜ ብትሳሳት ሺህ ጊዜ በአንድ ዓይነት ፊት ይቀበልሃል። እናም እኛ ምን አደረግን? ቅኔ ቤት መሆን የነበረበትን ክፍል ወስደን ንባብ ቤት አደረግነው!

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ እንዲሆን አልታሰበም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ዳርትመዝ ኮሌጅ ኬሜኒና ከርትዝ የሚባሉ ሁለት የሒሳብ መምህራን «ቤዚክ» የተባለውን ቋንቋ ሲሠሩ ያሰቡት ለሳይንስ ተማሪዎች ብቻ አልነበረም። የታሪኩም የሥነ ጽሑፉም ተማሪ በራሱ እጅ እንዲጽፍ ነው የፈለጉት። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ሲሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ «ሎጎ» የተባለውን የልጆች ቋንቋ ሠሩ። ልጁ ለአንዲት ኤሊ «ወደፊት ሂጂ፣ ወደ ቀኝ ታጠፊ» እያለ ያዛታል፤ ኤሊዋ በሄደችበት መስመር ታሰምራለች። ካሬ እንድትስል አዝዟት የተወላገደ ነገር ብትስል ማንም ኤክስ አያደርግበትም፤ የትኛው ትእዛዝ እንዳሳሳታት ፈልጎ ያርማል። የፓፐርት ክርክር ይኸው ነበር፦ ትምህርት ቤት ልጁን «ትክክል ነህ ወይስ ተሳስተሃል?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ፕሮግራም ግን «ምኑን ብናስተካክለው ይሠራል?» ብሎ ይጠይቀዋል። በሁለቱ ጥያቄዎች መሐል ያለው ልዩነት የአንድ ልጅ ዕድሜ ነው።

ደግሞ እኛ ብቻ ነን የተበላሸነው አልልም። እንግሊዞችም ለዓመታት ልጆቻቸውን ደብዳቤ መተየብና ሠንጠረዥ መሙላት ሲያስተምሩ ኖረው፣ በ2012 መንግሥታቸው ራሱ ትምህርቱ አሰልቺ ነው ብሎ እንደሚጥለው አስታወቀ። ከመስከረም 2014 ጀምሮ ልጆች ከትንሽነታቸው ፕሮግራም እንዲጽፉ የሚያደርግ ሥርዓተ ትምህርት ተኩ። ይህ ሁሉ የነሱ አቆጣጠር ነው። ሀብታም አገርም ይሳሳታል ለማለት ያህል ነው።

የኛው ግን ሌላ ጠባይ አለው። የኛ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ስክሪን የለመዱት በፕላዝማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት ሲገባ፣ ስክሪኑ ይናገራል፣ ልጁ ያያል፤ ስክሪኑ ጠይቆ መልሱን ሳይጠብቅ ያልፋል። ስክሪን ማለት የሚያዩት እንጂ የሚያዙት ነገር አይደለም የሚል ልማድ ያኔ ሥር የሰደደ ይመስለኛል። ኮምፒውተሩም ሲመጣ እዚያው ወንበር ላይ አስቀመጥነው፤ ልጆቹ ከኋላ ቆመው ያያሉ።

ወደ ቡናው ልመልሳችሁ። ነገሩ ሲከነክነኝ «ነይ እስቲ እዚህ ተቀመጪ» አልኳት። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አላቸው፤ ፊልም ነው የሚታይበት። ጎረቤት ያለ የኮሌጅ ተማሪ ጠርተን «ፓይተን» የሚባለውን ቋንቋ ጫነልን። ምን እንጻፍ? ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን የነበሩ አንድ መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ በጣታቸው አንጓ ሲያወጡ እያየሁ ያደግሁ ነኝ። «ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚታወቅበትን ስሌት እንሞክራ!» አልኳት። «እሱ ደግሞ ከአይቲ ጋር ምን አገናኘው?» አለች። «የአልጎሪዝምን ባሕርያት ዘርዝረሽ 10 ከ10 አላገኘሽም? እንግዲህ አንዱን በዓይንሽ እዪው!» ቃሉ ራሱ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ከነበረው ሊቅ፣ ከአልኸዋሪዝሚ ስም የመጣ መሆኑንም በዚያው አጫወትኳት።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምረህ ዓመተ ዓለሙን ታገኛለህ። ለ19 ገድፈህ ከቀረው ላይ አንድ ስትቀንስ ወንበር ይሆናል። ወንበርን በ11 አብዝተህ በ30 ስትገድፈው አበቅቴ፣ በ19 አብዝተህ በ30 ስትገድፈው መጥቅዕ ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው። ከዚህ ተነሥቶ ነው ጾመ ነነዌ፣ ከነነዌም 69 ቀን ቆጥሮ ፋሲካ የሚገኘው። እኛ ለጊዜው መጥቅዕ ላይ እንቁም አልን።

የመጀመሪያው ደስታዋ ምን መሰላችሁ? ፓይተን እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ስሞችን በፊደላችን ይቀበላል። ትእዛዞቹ እንግሊዝኛ ናቸው፤ «ወንበር» የሚለውን ስም ግን «ወንበር» ብላ መጻፍ ትችላለች። «በአማርኛ ይሠራል እንዴ?!» ብላ ጮኸች። የመጀመሪያው ንዴቷም ወዲያው ተከተለ። አንድ ቦታ «ዓለም» ብላ የሰየመችውን ሌላ ቦታ «አለም» ብላ ጠራችው፤ ማሽኑ «እንዲህ የሚባል አላውቅም» ብሎ ቆመ። እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። በዓይኑ «ዐ» እና በ«አ» መሐል ያለውን ልዩነት ስንት ዓመት ለምኜ ያላስከበርኩትን ላፕቶፑ በአንድ ሴኮንድ አስከበረልኝ!

አረመችው። 2018ን አስገባች። ወንበር 12፣ አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18፤ ድምሩ 30። 2017ን አስገባች። ወንበር 11፣ አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29፤ ድምሩ 30። የራሷን የልደት ዓመት አስገባች፣ 2001፤ ሠራ። ከዚያ ትንሽ ወንድሟ እየሮጠ መጥቶ «የኔን! የኔን!» አለ። እሱ የ2005 ልጅ ነው። ወንበር፦ አንድ ሲቀነስ። ከዜሮ በታች!

ዝም አለች። ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችው። «ጋሼ፣ ግን እኮ ድምሩ 30 ነው» አለች። እውነትም 19 እና 11 ብሎ 30 አምጥቷል። ማረጋገጫው አለፈ፤ መልሱ ግን ስሕተት ነው። እኔ አውቀው ነበር፤ ቢሆንም አልነገርኳት። (ይህን ዝምታ በመምህርነቴ ዘመን በቻልኩት ኖሮ!) ወረቀት አመጣች፤ 7505ን ለ19 በእጇ አካፈለች። ምንም አይተርፍም። «ዜሮ ላይ አንድ ሲቀነስ ነዋ!» አለች። ከዚያ ብዙ ቆየች። «ምንም ካልተረፈ … የመጨረሻውን 19 እንዳልገደፍነው ብንቆጥረውስ? ያኔ 18 ይሆናል።» መሪጌታም ያሉት ይህንኑ ነበር። ወንበር 18፣ አበቅቴ 18፣ መጥቅዕ 12። በ2006 ደግሞ ሌላ ጉድ ገጠማት፤ ወንበሩ ዜሮ ስለሆነ ሁሉም ዜሮ ወጣ፣ ድምሩም ዜሮ ሆነ። ሊቃውንቱ በእንዲህ ያለው ዓመት መጥቅዑን 30 ብለው እንደሚይዙት ነገርኳት፤ ለሱም አንድ መስመር ጨመረችለት። ሰዓቱን ሳየው ከምሽቱ ሦስት ሆኗል። እናቷ እራት አቅርባ ሁለት ጊዜ ተጣርታለች። «ሽምደዳ ሰለቸኝ» ያለችው ልጅ ይህቺው ናት።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልስማ። አንደኛው፣ «አጅሬ፣ አንተ ላፕቶፕ ይዘህ አንዲት ልጅ ጎን ተቀምጠህ ነው፤ መምህሩ ስልሳ ልጅ ይዞ፣ መብራት ጠፍቶበት፣ ከኮምፒውተሮቹ ግማሹ ተበላሽቶበት ምን ያድርግ?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ መምህሩን አልኮንንም። የማይነካ ነገር እንዲያስተምር የተላከ ሰው ትርጉም ከማስጻፍ በቀር ምን ምርጫ አለው? ቢሆንም የቅኔ መምህርም አንድ ናቸው፤ ተማሪው ብዙ ነው። ተማሪው የሚቆጥረው በየጥጉ ነው፤ መምህሩ ዘንድ የሚደርሰው በተራ ነው። ስልሳ ልጅ በደብተሩ ላይ ስለ ጳጉሜን ያስብ፦ ጳጉሜን 6 የምትሆነው በየትኛው ዓመት ነው? ዓመቱን ለ4 ስናካፍል 3 ሲተርፍ። ይህችን ሕግ በደረጃ በደረጃ ይጻፋት። የእቁብ ዕጣ አወጣጥን ይጻፍ፤ የወጣለት ሰው ስም ደግሞ እንዳይወጣ እንዴት ይደረጋል? ከዚያ የሠሩት ሦስት ኮምፒውተሮች ላይ አምስት አምስት እየሆኑ ያስነግሩት። ወረቀት ላይ ያለ ፕሮግራም ስሕተቱን አይነግርህምና ማሽኑ ግድ ነው፤ ግን ለማስነገር የሚበቃ ነው የሚያስፈልገው።

ሁለተኛው፣ «ልጆቹ በኢንተርኔት ይማራሉ፤ ተወው» የሚል ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «5 ሚሊዮን የኢትዮጵያ ኮደሮች» የተባለ ነፃ የኦንላይን ሥልጠና ተጀምሯል፤ ደግ ነገር ነው። ፍርሃቴ ግን አንድ ነው፤ በሽምደዳ ያደገ ልጅ ኦንላይን ሲገባም የሚፈልገው ሰርተፊኬቱን ነው። 48 ከ50 ያስለመድነው እኛ ነንና።

ሦስተኛው የዘመኑ ነው። «አሁን እኮ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ራሱ ፕሮግራሙን ይጽፍልሃል፤ ልጅ ለምን ይደክማል?» ይሉኛል። ይጽፋል፤ አይቻለሁ። ታዲያ ድምሩ 30 መጥቶ ወንበሩ ከዜሮ በታች ሲሆን «ቆይ እስቲ» የሚለው ማነው? ራሷ ተሳስታ፣ ራሷ ፈልጋ፣ ራሷ ያረመች ልጅ ናት። የ«ባግ»ን ትርጉም የሸመደደችማ «30 መጥቷል» ብላ ታልፋለች። ነገ የባንክ ሒሳባችንን፣ የመድኃኒት መጠናችንን፣ የልጆቻችንን ፈተና የሚያሰላው ፕሮግራም ፊት የሚቀመጡት እነዚህ ልጆች ናቸው። የሚፈሩት ማሽኑን ነው ወይስ የሚጠይቁት?

ስለዚህ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። አዲስ ፖሊሲ አልልም፤ አዲስ ሕንፃም አልልም። በሚቀጥለው የአይቲ ፈተና ከ50ው ነጥብ 20ው ተማሪው ራሱ ለጻፈው፣ ተሳስቶ ላረመው ነገር ይሁን። የት እንደተሳሳተና እንዴት እንዳገኘው በራሱ ቃል፣ ቢፈልግ በአማርኛ፣ ይንገረን። ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር አይጠናም፤ የእህቴ ልጅ ሕጉን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግራኛለች።

ያን ማታ ስወጣ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። «ጋሼ፣ ያቺን የተቀነሰችብኝን 2 ነጥብ ሄጄ ልከራከርባት እንዴ?» አለችኝ። «እንደሱ አታድርጊ» አልኳት፤ «የዚያን ጊዜ እኮ አታውቂውም ነበር።» ስቃ ተመለሰች። ከግቢው ሳልወጣ የላፕቶፑ ብርሃን በመስኮቱ ደግሞ በራ፤ ፋሲካው ገና ቀርቶናላ።